እስቲ ጫማችሁን አውልቁ!

ባለፉት ሳምንታት ስለ ቅናት፣ ስለ ኩርፊያና ስለ ፀጉር መሳሳት ስናወራ ከርመናል። ዛሬ ደግሞ ወደ ታች እንውረድ። ወደ ታች ስል ሌላ ነገር እንዳታስቡ፤ ወደ እግራችሁ ማለቴ ነው!

ነገሩን ያስጀመረኝ ከሆሳዕና የደረሰኝ አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ የ22 ዓመት ወጣት ናት፤ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ስሜ እንዳይወጣ ብላ ለምናኛለችና አይወጣም። እንዲህ ትላለች፦

«የምወደው ልጅ አለኝ። ከመስከረሙ በዓል በኋላ ሽማግሌ ልላክ እያለኝ ነው። እኔ ግን አንድ ዓመት ሙሉ በፊቱ ጫማዬን አውልቄ አላውቅም። ቤታቸው ስሄድ እንኳን በር ላይ ቆሜ ‹እቸኩላለሁ› ብዬ እመለሳለሁ። ማታ ማታ ግራ እግሬ ከቁርጭምጭሚቴ በታች ያብጣል። ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል፣ ጣቶቼ አካባቢም ያሳክከኛል። ጠዋት ስነሳ እብጠቱን አጣዋለሁ። አያቴ እግሯ በዝሆኔ እንዳበጠ ነው ያለፈችው። የእሱ ቤተሰብ ይህን ከሰማ አለቀልኝ። ልደብቀው ወይስ ልንገረው?»

እኅቴ፣ መልስሽን እሰጥሻለሁ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስለ እግሩ ስጠይቅ ነው የሰነበትኩት። ታዲያ ምን ተገኘ መሰለሽ? ጫማ ውስጥ የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ጥቂት ነው! አንዱ ሽታ፣ አንዷ ጥፍር፣ ሌላው ሙጃሌ... ብቻሽን አይደለሽም።

ጫማው እንዳያልቅ እግር ይለቅ?

እኔም ያደግሁት እዚያው ሆሳዕና ነው። በገበያ ቀን ማለዳ ከገጠር የሚመጡ ሰዎች ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው በባዶ እግራቸው ጭቃውን ሲያቋርጡ አይቻለሁ። ከተማው ዳር ሲደርሱ እግራቸውን ለቅለቅ ያደርጉና ጫማቸውን ያጠልቃሉ። ጫማው እንዳያልቅ እግር ይለቅ እንደ ማለት ነው! ለሐዲያው ያሆዴ ወይም ለከምባታው መሳላ ለልጅ የተገዛ ጫማም ዕጣው ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ በዓሉ ሲያልፍ ሳጥን ይገባል፣ እግሩ ወደ አፈሩ ይመለሳል።

እኛ የከተማ ነን ባዮቹስ? ወንድማችን ከሳውዝ የላከልን ስኒከር ቁጥሩ ቢጠበንም «ይለመዳል» ብለን እንጠልቃለን። ካልሲ ፋሽኑን ያበላሽብናል ብለን እንተወዋለን። ጠዋት በዝናብ የራሰውን ጫማ ማታም፣ በነጋታውም እናደርገዋለን። የገጠሩም የእኛም ነገር ሲጠቃለል አንድ ነው። ጫማ የምናደርገው ለሰው ዓይን እንጂ ለእግራችን አይደለም። የዛሬው ወሬዬ ሁሉ እዚህች ላይ ናት።

የሽታው ጉዳይ

ከዱራሜ አንድ ወጣት፣ «ጓደኞቼ ቤት ጫማዬን ሳወልቅ መስኮት ይከፈታል» ብሎ አጫወተኝ። እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

ወንድሜ፣ ላብ ራሱ ይህን ያህል አይሸትም። በሁለቱ እግሮቻችን ላይ ወደ 250,000 የሚጠጉ የላብ ዕጢዎች አሉ ይባላል። ላቡ የታፈነ ጫማ ውስጥ ሲጠራቀም ባክቴሪያዎች ይራቡበታል፤ ሽታውን የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ኮንጎ የምንለው የፕላስቲክ ጫማና ያለ ካልሲ የሚደረግ ስኒከር ደግሞ ለባክቴሪያ ሠርግና ምላሽ ነው!

መፍትሔው ሽቶ መርጨት አይደለም። ጠዋትና ማታ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ በተለይ በጣቶች መሐል። ከዚያ ማድረቅ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። የጥጥ ካልሲ ማድረግና በየቀኑ መቀየር። ከተቻለ ሁለት ጫማ ይዞ ማፈራረቅ፤ አንድ ቀን ሙሉ የተደረገ ጫማ ለመድረቅ ሌላ አንድ ቀን ያስፈልገዋል። ውስጥ እግራችሁ ነጭ ሆኖ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ካያችሁበት ግን ያ ቆዳውን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። ጤና ጣቢያ ብትሄዱ የሚቀባ መድኃኒት ይሰጣችኋል።

ጣቶች መሐል ያለው ጠላት

ይህን ከራሴ ጉድ ልጀምር። 11ኛ ክፍል ሳለሁ በትንሿ ጣቴና በጎረቤቷ መሐል ቆዳው ነጭ ሆኖ ይላጥ ጀመር። ማሳከኩ ኳስ ሜዳ ላይ እንኳን አላስቆመኝ አለ። ለማን ላሳይ? አፈርኩ። አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁና እግሬን ሳላሳይ «የሚያሳክክ ቁስል» ብዬ ቅባት ገዛሁ። በሁለት ቀን ማሳከኩ ጠፋ። «ጉድ የሆነ መድኃኒት!» ብዬ ለጓደኞቼም አዳረስኩ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ነገሩ ወደ እግሬ ጀርባ ወጥቶ እንደ ቀለበት ክብ እየሠራ ተስፋፋ።

በኋላ ያየኝ የጤና መኮንን ቱቦውን ገልበጥ አድርጎ አነበበና ራሱን ነቀነቀ። ቅባቱ ስቴሮይድ ነበር። ስቴሮይድ ማሳከክንና መቅላትን ያበርዳል፤ ፈንገስን ግን አይገድልም። እንዲያውም ቆዳው ራሱን እንዳይከላከል አድርጎ ፈንገሱን ያሰፋዋል። ፊት ያቀላል ተብሎ የሚሸጠው ቅባት ሁሉ ለእግር ይሆናል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ይኸው ስቴሮይድ ነው።

ለጣት መሐል ፈንገስ እንደ ክሎትሪማዞል ያለ የፈንገስ ቅባት አለ፤ ዋጋውም አይከብድም። ቁም ነገሩ አለማቋረጡ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ እስከ 4 ሳምንት ድረስ ይቀባል፤ ቆዳው ዳነ ካላችሁ በኋላም ቢያንስ አንድ ሳምንት ትቀጥላላችሁ። እኛ ግን ማሳከኩ ባቆመበት ቀን ቱቦውን እንወረውራለን፤ በወሩ ይመለሳል። ካልሲ መዋዋስም ይቅር፤ ፍቅር በካልሲ አይገለጽም!

ኩቴክስ የማይሸፍነው ጥፍር

አንዲት ተማሪ ደግሞ የአውራ ጣቷ ጥፍር ቢጫ ሆኖ ወፍሮ ይፈረፈራል። ሁለት ዓመት ሙሉ በቀይ ኩቴክስ ስትሸፍነው ኖራለች። እኅቴ፣ ኩቴክሱ ለሰው ዓይን ነው፤ ጥፍርሽ ከሥር ሥራውን ቀጥሏል።

ጥፍር እንዲህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በፈንገስ ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። በጠባብ ጫማ የተመታ ጥፍርም ይወፍራል፤ አንዳንድ የቆዳ በሽታዎችም ጥፍርን እንዲህ ያደርጋሉ። ስለዚህ መጀመሪያ መመርመር ነው። የጥፍር ፈንገስ ቅባት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበግረውም፤ የሚዋጠው መድኃኒት ደግሞ ለወራት የሚወሰድ በመሆኑና ጉበትን ሊነካ ስለሚችል በሐኪም እጅ መሆን አለበት። ትዕግሥትም ይጠይቃል። የእግር ጥፍር በወር የሚያድገው 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። የአውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ እስኪታደስ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። «ሦስት ወር ዋጥኩ፣ አልተለወጠም» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ከሥሩ ጤነኛው እየወጣ ሊሆን ይችላል።

ወደ ሥጋ የሚገባው ጥፍርስ? እሱን አብዛኛውን ጊዜ የምናመጣው ራሳችን ነን። የእግር ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ነው የሚቆረጠው፤ ጥጉን አክብበን በጣም ስናሳጥረው ጫፉ ሥጋው ውስጥ ይበቅላል። ቀላ ብሎ ማመም ሲጀምር በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍና ሰፋ ያለ ጫማ ማድረግ ይረዳል። መግል ከያዘ ግን በምላጭ መጎርጎር ክልክል ነው! መጅንም በምላጭ አትላጩ፤ ዘፍዝፋችሁ በመፈግፈጊያ ድንጋይ ቀስ እያላችሁ አሳሱት። ተረከዛችሁ ከተሰነጠቀ ማታ ታጥባችሁ ቫዝሊን ቀብታችሁ ካልሲ አድርጋችሁ እደሩ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው የእግሩን ቁስል፣ ትንሽም ብትሆን፣ ለሐኪም ያሳይ። ሳይመታ በጥፍር ሥር የወጣና እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር፣ ወይም ቢነካ የማይሰማው የደነዘዘ ቆዳም ለነገ የሚባል አይደለም።

«ሙጃላም!»

ይህን ስድብ ትምህርት ቤት ያልሰማ ማን አለ? ምናልባትም የሰደብን እኛው ነን። ሙጃሌ እርግማን አይደለም፤ ቁንጫ ናት። ለአፍሪካም እንግዳ ናት። የመጣችው ከደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ በ1872 እ.ኤ.አ. ከብራዚል ተነሥታ አንጎላ በደረሰች መርከብ ገብታ አህጉሩን እንዳዳረሰች ይነገራል። ሴቷ ቁንጫ ቆዳ ውስጥ ትገባና እንቁላል እየቋጠረች የአተር ፍሬ እስክታክል ታብጣለች። ያቺ መሐሏ ጥቁር ነጥብ ያለባት ነጭ እብጠት እሷው ናት። እንቁላሏን አፈሩ ላይ ትዘራለች፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እዚያው ቆዳ ውስጥ ትሞታለች።

አደጋው መውጫዋ ላይ ነው። በአንድ እሾህ ወይም በአንድ መርፌ ቁልፍ የቤቱ ልጅ ሁሉ ይወጣለታል። በዚያች መርፌ ቴታነስም፣ የጉበት ቫይረስም፣ ኤችአይቪም ሊተላለፍ ይችላል። እግሩ በሳሙና ይታጠብ፤ መርፌው የአንድ ሰው ብቻና የተቀቀለ ይሁን፤ ቁስሉም በአልኮል ይጠረግ። ብዛት ካላት ጤና ጣቢያ ይኬድ። የቤቱ ወለል አቧራ ከሆነ ውሃ እየረጩ መጥረግ፣ ከብቱንና ውሻውን ከሰው መኝታ መለየት፣ ልጁንም በየማታው እግሩን ማየት ነው። ልጁን መስደብ ግን አንዲት ሙጃሌ እንኳን አውጥቶ አያውቅም።

አሁን ወደ ደብዳቤው

እኅቴ፣ ወዳንቺ መጣሁ።

ዝሆኔ ሲባል ብዙ ሰው በትንኝ የሚመጣውን ያስባል። እሱ የቆላ በሽታ ነው። ሆሳዕና ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በእኛ ደጋ ያለው ሌላ ነው፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ትልም የለውም፣ ተሕዋስም የለውም። መነሻው አፈር ነው! በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረ ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በሽታው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከተገኘው ቀይ አፈር ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳየ። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ከዓይን የሚሰወሩ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳው ይገቡና ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ሥሮች ያቆስላሉ፤ ፈሳሹ መውጫ ያጣና እግሩ ያብጣል።

ሙት እንስሳ በመርገጥ፣ በእርግማን፣ በመተት የሚባለው ሁሉ ውሸት ነው። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ አብሮ በመብላት፣ አንድ አልጋ ላይ በመተኛት፣ የታማሚን እግር በማጠብም አይያዙትም።

በዘር ነው ወይ? እዚህ ላይ አልዋሽሽም። ሁሉም ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው አይታመምም፤ ለአፈሩ የበለጠ የሚጋለጥ ቤተሰብ አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ከተጋላጭነቱ ጋር የተያያዙ ጂኖችን አግኝቷል። ግን አስተውዪ፤ የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። አፈሩ እግርን ካላገኘው በሽታው አይመጣም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ልጅ የአያቱን ዕጣ አይወርስም።

አንቺ ብቻም አይደለሽም። በ2013 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ወደ 130,000 የሚጠጉ ሰዎች ታይተው፣ ከ100 ሰው 4ቱ ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። ሐዲያና ከምባታ ያኔ በነበሩበት በቀድሞው ደቡብ ክልል ደግሞ ከ100ው 8 ነበሩ። ከ100 ሰው 8! ይህን ያህል ሰው ሠርግ ላይ ጫማውን ደብቆ ተቀምጧል ማለት ነው።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው፣ «አባቶቻችን በባዶ እግራቸው አይደል የኖሩት? አበበ ቢቂላስ?» አለኝ። እውነት ነው፣ አበበ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማና ካልሲ አድርጎ ደግሞ አሸነፈ! ወዳጄ ይህቺን ሁለተኛዋን ረስቷት ነበር።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ? አንደኛ፣ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂጂና ጫማሽን አውልቀሽ አሳዪ። ማታ የሚያብጥ እግር ሁሉ ዝሆኔ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መቆም፣ የደም ሥር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ችግርም እግር ያሳብጣል። ያንቺ ግን ማቃጠሉና ማሳከኩ፣ የአያትሽም ነገር አለና መታየት አለበት። ጤና ጣቢያው ከከበደው ወደ ሆስፒታል ይልክሻል።

ሁለተኛ፣ በሽታው ሆኖ ቢገኝ እንኳን ደርሰሽበታል። ማታ አብጦ ጠዋት የሚጠፋ ከሆነ ገና ጅማሬው ነው፤ በዚህ ጊዜ ከተያዘ ሊመለስ ይችላል። ሕክምናው በአብዛኛው በእጅሽ ያለ ነው፦ በየቀኑ እግርን በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ በጣቶች መሐል ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ስትቀመጪና ስትተኚ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና የተሸፈነ ጫማ ማድረግ። ነጠላ ጫማ አይበቃም፤ አፈሩ በጎኑ ይገባል። መዘፍዘፊያው ውስጥ በረኪና ጠብ የሚደረግበት ጊዜ አለ፤ መጠኑን ግን የጤና ባለሙያ ይንገርሽ። «ይህ ብቻ?» እንዳትይ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ወደ 700 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ጥናት፣ እግራቸውን እንዲህ የተንከባከቡት ትኩሳትና ሕመም እየመጣ የሚጥላቸው ጊዜ ቀንሶላቸዋል። ጎረቤታችን ወላይታ ላይም በዚሁ መንገድ እግራቸው ቀንሶላቸው ወደ ሥራቸው የተመለሱ ብዙ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ንገሪው። ሽማግሌው ከመምጣቱ በፊት! ከባለሙያው ያገኘሽውን ይዘሽ፣ ሳታለቅሺ ንገሪው፦ «አያቴ ዝሆኔ ነበረባት። እኔም እግሬን ታይቻለሁ። አይተላለፍም። እየታከምኩ ነው። ልጆቻችን ጫማ ያደርጋሉ።» ከቻልሽ ደግሞ ጤና ጣቢያ አብሮሽ እንዲሄድ ጠይቂው፤ ካንቺ የማያምነውን ከነጭ ጋዋን ያምናል። እናቱም ጥያቄ ካላቸው አብረው ይምጡና ይስሙ።

ቢሸሽስ? ያማል፤ አያምም አልልሽም። ግን እግርሽን አይቶ የሚሸሽ ሰው ቀለበት ሳያስርልሽ ቢሸሽ ይሻላል። ከደበቅሽው ደግሞ ከሠርጉ በኋላ በገዛ ቤትሽ ጫማ አድርገሽ ልትተኚ ነው ወይ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ! አያትሽ የሚያሳዩት ሰው አላገኙም ይሆናል። አንቺ አለሽ።

እናንተም አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ማታ አንድ ሳፋ ውሃ አሙቁና እግራችሁን ዘፍዝፉ። እንግዳ ሲመጣ እግሩን ማጠብ የአገራችን የክብር ወግ ነበር። አንድ ቀን ለራሳችን እግር እንግዳ እንሁንለት። ጣት በጣት እዩት፣ አድርቁት። የማያምር ነገር ካገኛችሁ ጫማ ውስጥ መልሳችሁ አትቅበሩት።

ልጅቱ ውጤቱን ልትጽፍልኝ ቃል ብትገባልኝ ደስ ይለኛል። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!